ቁጥሩ ከየት መጣ? ከቅየሳ ሜዳ እስከ ሳተላይት ምስል የተማርኩበት መንገድ

በቅየሳ፣ በካርታ ሥራ ወይም ዛሬ በጥቅሉ ጂኦስፓሻል በሚባለው ሙያ ለመሠማራት የሚያስቡ ወጣቶች ሲያገኙኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀድሙት ጥያቄ የትኛውን ሶፍትዌር ቢማሩ እንደሚሻል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም በእነርሱ ዕድሜ ሳለሁ የምጠይቀው እርሱኑ ነበር። ሆኖም መልሱን ከሶፍትዌር ስም ልጀምር ባልኩ ቁጥር በ2004 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ጎጃም ውስጥ በአንድ ወንዝ ዳር ያየሁት ሾላ ትዝ ይለኛል፤ ስለዚህ ይህንም ጽሑፍ ከዚያው እጀምራለሁ።

ያኔ በ10+3 መርሐ ግብር የቅየሳ ትምህርቴን ከጨረስኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። የምሠራበት ድርጅት አነስተኛ የመስኖ ግንባታ ተረክቦ ነበርና የእኔ ድርሻ በደርግ ዘመን በተጠና አሮጌ ንድፍ ላይ ያሉትን የወንዝ ጠለፋውንና የዋናውን ቦይ ነጥቦች መሬት ላይ ማውረድ፣ በሳይት ቋንቋ «ሴቲንግ አውት» ማድረግ ሆነ። የነጥቦቹን ኮኦርዲኔት፣ ማለትም ቦታቸውን የሚናገሩትን ቁጥሮች፣ ከወረቀቱ ወደ ኤክሴል ገለበጥኩ፤ መነሻ የሚሆኑንን ሁለት ነጥቦች በጂፒኤስ መሣሪያ ለካን፤ ከዚያም ማዕዘንና ርቀት የሚለካውን ቶታል ስቴሽን ተክዬ፣ ጨረሩን የሚመልሰውን መስታወት፣ ፕሪዝሙን፣ የያዘውን ሰው ወዲህና ወዲያ እያልኩ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት አሥራ ሰባት ችካል አስተከልኩ። ቁጥሮቹ በመሣሪያው ሰሌዳ ላይ እስከ ሚሊ ሜትር ድረስ ይገጥሙ ስለነበር በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

ችካሎቹ ያረፉበት ማሳ ባለቤት፣ ዕድሜያቸው ሰባ የሚሆን ሰው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከዳር ቆመው ሲመለከቱን ቆዩና ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ይኼ የምትተክሉት ምንድን ነው?» አሉኝ። የቦዩ መነሻ መሆኑን ነገርኳቸው። «የቦዩ መነሻማ ከሾላው ሥር ነው። ያኔ መሐንዲሶቹ ሲለኩ ሜትሩን ይዤ የዋልሁ እኔ ነኝ። ሾላው ካለበት አልተነሣም፤ መንገድ የሳታችሁ እናንተ ናችሁ» አሉ። እኔም፣ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፣ መሣሪያው እስከ ሚሊ ሜትር እንደሚለካ አስረዳኋቸው። እርሳቸው አልተከራከሩኝም፤ ዝም ብለው እየመሩ ወደ ላይ ወሰዱን፤ ከሾላው ሥር ሣሩን በበትራቸው ገለጥ ሲያደርጉት አናቱ ላይ መስቀለኛ ምልክት ያለበት የሲሚንቶ ድንጋይ ታየ። በአሮጌው ንድፍ ላይ ያለው የመነሻ ምልክት እርሱ ነበር።

ድንጋዩን ስለካው የእኔ ልኬት ከወረቀቱ ቁጥር ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር ገደማ፣ ወደ ሰሜን ደግሞ ከ200 ሜትር በላይ ይበልጣል። የመጀመሪያ ሐሳቤ ቁጥር ስገለብጥ ተሳስቻለሁ የሚል ነበር። ሁለተኛውን የሲሚንቶ ምልክት ፈልገን አገኘንና ለካነው፤ ልዩነቱ ያው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሰው ሲሳሳት ስሕተቱ አንዱ ቦታ ላይ አምስት፣ ሌላው ቦታ ላይ ሃምሳ ይሆናል። ስሕተቱ በሁለት ነጥብ ላይ መጠኑም አቅጣጫውም አንድ ዓይነት ከሆነ ግን የተሳሳተው እጅ ሳይሆን መነሻው ነው። ይህን ያኔ አላወቅሁም ነበር። ማታ ባሕር ዳር ለሚገኙ አንድ አንጋፋ ቀያሽ ደውዬ ነገሩን ስነግራቸው ገና ሳልጨርስ «የካርታውን ግርጌ አንብበሽዋል?» አሉኝ። አላነበብኩትም። ንድፉ በተነሣበት 1:50,000 ካርታ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ዳተሙ አዲንዳን፣ ኤሊፕሶይዱም የተሻሻለው ክላርክ 1880 መሆኑ ተጽፏል። የእኔ ጂፒኤስ የሚናገረው ግን በሌላ ዳተም፣ በደብልዩጂኤስ 84 ነው።

ለጀማሪ እንዲህ ብዬ አስረዳለሁ። በሁለት አገር ቁና የተሰፈረ እህል «አምስት ቁና» ተብሎ ቢጻፍ ቁጥሩ አንድ ነው፤ እህሉ ግን አንድ አይደለም። ዳተምም የኮኦርዲኔት ቁና ነው። ምድር ሙሉ ክብ ስላልሆነች ቀያሾች ኤሊፕሶይድ የሚባል፣ በስሌት የሚገዛ ቅርጽ ይመርጡላታል፤ ያንን ቅርጽ የት ላይ እንደሚያስቀምጡትም ይወስናሉ። አዲንዳን በደቡብ ግብፅ፣ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ የምትገኝ የቅየሳ ጣቢያ ስም ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ ለዓባይ ተፋሰስ ጥናት የተካሄደው የሦስት ማዕዘን ቅየሳ ከእርሷ ተነሥቶ ወደ እኛ አገር ስለገባ የቆዩ ካርታዎቻችን በእርሷ ስም ይጠራሉ። ከአዲንዳን ወደ ደብልዩጂኤስ 84 ለመሻገር ለኢትዮጵያ የታወቁት ሦስት የሽግሽግ ቁጥሮች −165፣ −11 እና 206 ሜትር ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ የሚታመኑት በጥቂት ሜትሮች ልክ ብቻ ነው። ለጠቅላላ ካርታ ይበቃሉ፤ ለቦይ ግን አይበቁም። ስለዚህ እኛ በመጨረሻ ያደረግነው ንድፉን በተገኙት የሲሚንቶ ምልክቶች ላይ እንደገና ማሳረፍ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ኤክስካቫተር ቆሞ ኪራይ ተቆጠረ፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር።

ይህን ሁሉ የተረኩት ትምህርት ቤት ያስተማረኝና ያላስተማረኝ በአንድ ቀን ተለይቶ የታየኝ ያኔ ስለሆነ ነው። በሦስቱ ዓመታት ማዕዘን የሚለካውን ቴዎዶላይት አጥብቀን ተምረናል፤ ትራቨርስ፣ ማለትም ከነጥብ ወደ ነጥብ የሚሄድ ልኬት፣ አዙረን ስንመለስ ያልገጠመውን ትርፍ በካልኩሌተር ለየነጥቡ እናከፋፍል ነበር፤ በሌቭል ከፍታ ወስደን በሌላ መንገድ ተመልሰን እናረጋግጥ ነበር። ያኔ ቶታል ስቴሽን እያለ ለምን በእጅ እንለፋለን ብለን አጉረምርመናል። ዛሬ ግን ከዚያ ዘመን የቀረኝ ትልቁ ሀብት ተዘዋውሮ መነሻ ላይ የመመለስና ቁጥርን ሳያረጋግጡ ያለማመን ልማድ ነው። ስለ ዳተም የተነገረን ግን አንድ ገጽ ማስታወሻ ብቻ ነበር፤ ለፈተና በቃል አጥንተነው ረሳነው።

ከዚያ ውርደት በኋላ ራሴን ለማብቃት የወሰድኩት የመጀመሪያ እርምጃ ብዙዎች የሚወስዱት ነው፤ አዲስ አበባ መጥቼ ለአሥራ አምስት ቀን የጂአይኤስ፣ ማለትም ካርታንና መረጃን በኮምፒዩተር የማቀናበር፣ ሥልጠና ገባሁ። ማሠልጠኛውን በስም መጥራት አያስፈልገኝም፤ መሰሎቹ ብዙ ናቸው። መምህሩ ትጉህ ሰው ነበር። የምንሠራበት መረጃ ግን ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ የመጣ፣ የአንድ የአሜሪካ ከተማ መንገድና ቤት ሲሆን ሁሉም ነገር ንጹሕና በየስሙ የተቀመጠ ነው። በእኛ አገር ቢሮ እንዲህ ያለ መረጃ ይዞ የሚጠብቅ ሰው የለም። የሚጠብቀን ጠርዙ የተቀደደ ካርታ፣ «የመጨረሻ» እና «የመጨረሻው መጨረሻ» ተብለው የተሰየሙ አራት ፋይሎች፣ አንዱ ቀበሌ ስሙ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ የገባበት ሠንጠረዥ ነው። ባለ ወርቃማ ማኅተም የምስክር ወረቀቴን ይዤ ወደ ሥራ ስመለስ አንድ የተቃኘ ካርታ በትክክለኛ ቦታው ላይ ማሳረፍ አቅቶኛል። ሶፍትዌሩም ቢሆን ተሰብሮ የተጫነ ነበርና ከጥቂት ወራት በኋላ ከቫይረስ ጋር ኮምፒዩተሬን ይዞት ሄደ። ወደ ሌላው የጂአይኤስ ሶፍትዌር፣ ወደ ኪውጂአይኤስ፣ የዞርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ከክፍያ ነፃ ነው፤ በደካማ ኮምፒዩተርም ይሠራል፤ ከሁሉም በላይ አንድ ፋይል ስከፍት የኮኦርዲኔቱን ሥርዓት በማያ ገጹ ታች በቀኝ በኩል ስለሚያሳየኝ ዓይኔን አስለመደው። የሚከፈልበትን አርክጂአይኤስ የሚጠይቁ ቀጣሪዎች አሉ፤ አንዱን በቅጡ ያወቀ ወደ ሌላው ለመሻገር የሚፈጅበት ጊዜ ግን ሳምንታት ነው።

በሶፍትዌር በኩል ማንም ጀማሪ ሊስተው የማይገባ አንድ ነጥብ አለ። ለአንድ ፋይል «አንተ የዚህ ሥርዓት ነህ» ብሎ ስም መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ቁጥሮቹን ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው በስሌት መለወጥ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ቁጥሩን አይነካም፤ መለያውን ብቻ ይለጥፋል። ሁለተኛው ቁጥሩን ይለውጣል። በአዲንዳን የተለካውን ፋይል የደብልዩጂኤስ መለያ ብትለጥፉበት ፕሮግራሙ አይጮህም፤ ካርታውም ያምራል፤ ቤቱ ግን ከነግቢው ከ200 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተዛውሯል። ምድርን ባለ ስድስት ዲግሪ ዞኖች ከፍሎ ኮኦርዲኔትን በሜትር በሚሰጠው በዩቲኤም ሥርዓት፣ ለዞን 37 ሰሜን በሶፍትዌሩ ውስጥ የአዲንዳን መለያ ኮድ 20137፣ የደብልዩጂኤስ 84 ኮድ ደግሞ 32637 ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች እንደ ስልክ ቁጥሬ ነው የማውቃቸው።

ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል በገጠር መሬት የሁለተኛ ደረጃ ይዞታ ማረጋገጫ ሥራ ላይ ተሠማራሁ። የመጀመሪያው ዙር ደብተር ሲሰጥ የማሳው ስፋት በገመድ ወይም በግምት የተያዘ ነበር፤ ካርታም አልነበረውም። በሁለተኛው ዙር ከአየር የተነሣው ምስል እርማት ተደርጎለት፣ ኦርቶፎቶ ሆኖ፣ በትልቅ ወረቀት ታትሞ ማሳው ድረስ ይሄዳል፤ ባለይዞታውና አዋሳኞቹ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ባለበት ድንበሩን እየተራመዱ ያሳያሉ፤ እኛም በወረቀቱ ላይ በብዕር እናሰምራለን። ኋላ ቢሮ ገብቶ በኮምፒዩተር ይሣላል፤ ከዚያም ስሕተት ያለበት እንዲያርም ለሕዝብ ይለጠፋል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብለው «ይቺ የኔ ግራር ናት፤ ይኼ ልጆቹ የሚያቋርጡበት ዱካ ነው» እያሉ ማሳቸውን በጣታቸው ሲያገኙት እኔ ገና ሰሜኑ በየት በኩል እንደሆነ እያፈላለግሁ ነበር። ምስል ማንበብን በመጽሐፍ ከተማርኩት ይልቅ ከእነርሱ ተምሬዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው ሥራ ላይ አንድ ጊዜ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ማሳ ላይ ደረስን። የባሏ ወንድም ከፊት ከፊት እየሄደ ድንበሩን ያሳየናል፤ እርሷ ከኋላ ዝም ብላ ትከተላለች። «ማሳው የማን ነው?» ብዬ ስጠይቅ «የቤተሰቡ ነው» አለ እርሱ። ኮሚቴውም ዝም አለ። የቡድኑ መሪ የነበረች ጓደኛዬ ጥያቄውን ቀይራ «ዘንድሮ ይህን ማሳ ያሳረሰችው ማን ናት? ማዳበሪያውንስ በማን ስም ወሰዳችሁት?» ብላ ስትጠይቅ መልሱ ወዲያው ተለወጠ፤ አሮጌው ደብተር ሲመጣም የሟቹና የሴትዮዋ ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎበት ተገኘ። መስመሩን የሚያሰምረው ብዕር የእኔ እጅ ላይ ነበርና ጥያቄውን ሳላስተካክል ብጽፍ ኖሮ ኮኦርዲኔቱ ያለ እንከን ትክክል፣ ካርታው ግን ሐሰት ይሆን ነበር። ይህን የሚያስተምር የሶፍትዌር ኮርስ የለም። ለዚህ ነው የካዳስተር፣ ማለትም የመሬት ይዞታ ምዝገባና ካርታ፣ ሙያ የሚማሩ ልጆች የመሬት ሕግንና የግጭት አፈታትን እንደ ማሟያ ትምህርት ቆጥረው እንዳይዘሉት የምማጸነው፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት ቅየሳውንና ሕጉን በአንድ ጣሪያ ሥር ማስተማሩም ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ ጥንካሬው ነው።

ስፋትን በሚመለከት ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነበረብን። አሮጌው ደብተር «አራት ጥማድ» ያለው ማሳ በአዲሱ ልኬት ከዚያ አንሶ ይገኛል፤ ባለቤቱም መሬቱ የተቆረሰ ይመስለዋል። ጥማድ በተለምዶ ሩብ ሄክታር ገደማ ተብሎ ይያዝ እንጂ መነሻው አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው ስለሆነ ዳገት ላይና ሜዳ ላይ አንድ አይደለም። በገመድ ሲለካም ገመዱ የተዘረጋው በተዳፋቱ ላይ ነው፤ ካርታ ደግሞ የሚይዘው አግድሙን ነው። ይህን አስቀድሞ፣ ከልኬቱ በፊት፣ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ያስረዳ ቡድን ሥራው ይቀናው ነበር፤ ከልኬቱ በኋላ ማብራሪያ የሚሰጥ ግን ሰበብ የሚደረድር ይመስላል።

ዲግሪዬን በሥራ ላይ ሆኜ ጨረስኩ፤ ስለ እርሱ ብዙ የምለው የለኝም። ሁለተኛ ዲግሪ ግን የት ልማር ብሎ ማሰብን ይጠይቃል። አገር ውስጥ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የርቀት ዳሰሳና ጂአይኤስ ትምህርት አለ። ከአገር ውጭ በኔዘርላንድስ ኤንስኬዴ ከተማ የሚገኘው፣ በ1950 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና ዛሬ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ፋኩልቲ የሆነው አይቲሲ ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች ታስቦ የተቋቋመ በመሆኑ በሙያችን ስሙ የታወቀ ነው። ለአጫጭር ሥልጠና ደግሞ በ1975 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ላይ የተቋቋመው፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ አርሲኤምአርዲ የሚባለው ክልላዊ ማዕከል ቅርብ ነው። ለነፃ የትምህርት ዕድል መጀመሪያ ሳመለክት ወድቄያለሁ። የማመልከቻ ደብዳቤዬን ዛሬ ሳነበው ለምን እንደወደቅሁ ይገባኛል፤ «ዘመናዊ ቴክኖሎጂ ለአገሬ ልማት ያለውን ሚና» የሚል ሁለት ገጽ ሐተታ ነበር። በሁለተኛው ዓመት የአዲንዳኑን ታሪክ፣ የቆመውን ኤክስካቫተርና ከዚያ ተነሥቶ ማጥናት የምፈልገውን ጥያቄ ጻፍኩ። በሌላ ምክንያት አገር ውስጥ ለመማር ብወስንም ሁለተኛው ደብዳቤ ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። ያበላሻችሁትንና ያቃናችሁትን ሥራ ጻፉ እላለሁ፤ አንባቢው መቶ የልማት ሐተታ አንብቦ የደከመ ሰው ነው።

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ በሳተላይት ምስል የሰብል ዓይነት መለየት ነበር። በሐሳብ ደረጃ ቀላል ይመስላል። የአውሮፓው ሴንቲኔል-2 ሳተላይት የምድርን ምስል በአሥር ሜትር ፒክሴል (የምስሉ ትንሿ ነጠብጣብ) ያነሣል፤ ሁለቱ ሳተላይቶች ተደማምረው በየአምስት ቀኑ ይመለሳሉ፤ ምስሉም በነፃ ይገኛል። የእኛን ማሳ ግን ቁጭ ብላችሁ አስሉት። አንድ ጥማድ የሆነች ማሳ 50 በ50 ሜትር ብትሆን በውስጧ የሚገቡት 25 ፒክሴሎች ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በጠርዝ ያሉት 16ቱ ከጎረቤት ስንዴ፣ ከድንበሩ ሣር ወይም ከመንገዱ አፈር ጋር የመቀላቀል ዕድል አላቸው። «ይህ በእርግጥ ጤፍ ነው» ብዬ የምተማመንባቸው መሐል ያሉት ዘጠኝ ናቸው። በአሜሪካው ላንድሳት ሳተላይት 30 ሜትር ፒክሴል ቢሆን ማሳዋ ሦስት ፒክሴል እንኳ አትሞላም። በዚያ ላይ ጤፉ በሚያድግባቸው በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን ከአሥር ምስል ዘጠኙን ጣልኩ፤ ደመናን አልፎ የሚያየውን የሴንቲኔል-1 ሳተላይት ራዳር ለመማርም ተጨማሪ አምስት ወር ፈጀብኝ። በውጭ አገር ሰፋፊ እርሻዎች ላይ የተሠራውን ዘዴ እንዳለ ገልብጬ 93 በመቶ ትክክል ነው ብዬ ላቀርብ የተቃረብኩበት ቀን ነበር፤ ቁጥሩ ያማረው መፈተኛ ነጥቦቼን ኮምፒዩተሩን ሰብል መለየት ካስተማርኩባቸው ማሠልጠኛ ነጥቦች ጋር ከአንድ ማሳ በመውሰዴ እንደሆነ አማካሪዬ አሳዩኝ። ነጥቦቹን በማሳ ስለያቸው ውጤቱ እጅግ ወረደ፤ ጥናቱ ግን ያን ጊዜ እውነት ሆነ።

ለዚህ ጥናት ምስል ማውረድ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። አንዱ ምስል ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ስለሚሆን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነሥቼ ማውረድ እጀምራለሁ፤ ንጋት ላይ መብራት ይጠፋና ሁሉም ከዜሮ ይሆናል። ጎግል ኧርዝ ኢንጂንን ስማር ይህ ችግር ተቃለለ፤ ስሌቱ የሚካሄደው ምስሉ ባለበት በእነርሱ ኮምፒዩተር ላይ ስለሆነ እኔ የማወርደው የመጨረሻውን ውጤት ብቻ ነው። ኢንተርኔቱ ደካማ በሆነበት ከተማ ለሚኖር ተማሪ ከውድ ኮምፒዩተር ይልቅ ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል። የሚጠይቀው ትንሽ የፕሮግራም ጽሑፍ መልመድ ነው፤ የአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳ አርሴት በሚለው መርሐ ግብሩ የሚሰጣቸው ነፃ ሥልጠናዎችም ደረጃ በደረጃ ያስለምዳሉ።

ዛሬ እንደ አዲስ ብጀምር ጊዜዬን እንዴት እንደምከፋፍል በተደጋጋሚ እጠየቃለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ለኮኦርዲኔት ሥርዓትና ለስሕተት ስሌት እሰጣለሁ፤ ኪውጂአይኤስን የምማረውም በዚያው ላይ፣ በራሴ ቀበሌ መረጃ ነው። ቀጥሎ የመረጃ ቋት እማራለሁ፤ ፖስትጂአይኤስ ነፃ ነው፤ ብዙ ባለሙያ የሚዘለውም እርሱን ነው፤ ቢሮዎች ግን የሚሰቃዩት ካርታ በማጣት ሳይሆን አንዱን ማሳ አምስት ቦታ አስቀምጠው የትኛው እውነተኛ እንደሆነ በማጣት ነው። የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን ከዚያ በኋላ ይመጣል። በመሐሉ በየወሩ አንድ ቀን ሜዳ እወጣለሁ፤ መሣሪያ ባይኖረኝም በስልኬ ጂፒኤስ አንዱን ነጥብ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ለክቼ ሦስቱ በስንት ሜትር እንደሚለያዩ እጽፋለሁ። ይህ የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ሆኖም ስልክ ከነጥብ በኋላ የሚሰጠውን ስድስት ዲጂት እንደ ወንጌል የሚያምን ሰው ይህን አንድ ጊዜ ቢሠራ ይድናል።

ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ ጂፒኤስ መሣሪያ የምታገኙ ደግሞ አውስፖስ የሚባለውን የአውስትራሊያ መንግሥት ነፃ አገልግሎት ሞክሩት። ነጥቡ ላይ መሣሪያውን ለጥቂት ሰዓታት ተክላችሁ ፋይሉን በኢንተርኔት ስትልኩ ትክክለኛውን ኮኦርዲኔት በኢሜይል ይመልስላችኋል። የመንግሥት ቅየሳ ነጥብ በአቅራቢያ በሌለበት ገጠር ሥራዬን ብዙ ጊዜ ታድጎኛል። የአገሪቱን ነጥቦችና ካርታዎች ግን ሕጋዊ በሆነው ሥራ ላይ ከስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት መውሰድ ግድ ነው። ከፍታን በተመለከተ ደግሞ ጂፒኤስ የሚሰጠው ከባሕር ወለል ሳይሆን ከኤሊፕሶይድ የተለካ ስለሆነ በእርሱ ብቻ ቦይ የሚቆፍር ሰው ውሃው ወደ ላይ እንዲሄድለት ሊጸልይ ይገባዋል፤ ለቦይ ሌቭል ይዛችሁ ውጡ።

ከመሐንዲሶች ጋር የምትሠሩ ከሆነ በሜዳ የተለካ ርቀትና በኮኦርዲኔት የተሰላ ርቀት እንደሚለያዩ ቀድማችሁ ንገሯቸው። አዲስ አበባ ለዩቲኤም ዞን 37 መካከለኛ መስመር፣ ለ39 ዲግሪ፣ ቅርብ ናት፤ እዚያ መስመር ላይ ሥርዓቱ በራሱ ርቀትን በኪሎ ሜትር 40 ሳንቲ ሜትር ያሳጥራል። ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ደግሞ ሌላ 37 ሳንቲ ሜትር ይጨመራል። በቶታል ስቴሽን የለካችሁት አንድ ኪሎ ሜትር በኮኦርዲኔት ሲሰላ ወደ 77 ሳንቲ ሜትር አጥሮ ይመጣል ማለት ነው። ማንም አልተሳሳተም፤ ይሁንና ይህን የማያውቁ ሁለት ባለሙያዎች በድልድይ ሳይት ላይ ሲካሰሱ አይቻለሁ።

አሁን በምሠራበት ቦታ አዲስ ሰው ስንቀጥር ፈተናውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ለአመልካቹ ሁለት ፋይል እሰጠዋለሁ፤ አንዱ መንገድ፣ አንዱ ወንዝ ነው፤ ስለ ሥርዓታቸው ምንም አልጽፍም። ሥራው መንገዱ ወንዙን የሚያቋርጥባቸውን ቦታዎች ቆጥሮ ካርታ መሥራት ነው። አንዱ ፋይል በአዲንዳን የተለካ ነው። አብዛኛው አመልካች በአንድ ሰዓት ውስጥ ባለ ቀለም፣ ሰሜን ጠቋሚና መለኪያ ያለው ያማረ ካርታ ያስረክበኛል፤ መንገዱም ከአሮጌው ድልድይ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ያቋርጣል። ባለፈው ዓመት ከስድስቱ መካከል አንዲት ከቴክኒክና ሙያ የመጣች ልጅ፣ የሲኦሲ የብቃት ምዘና ያለፈች፣ ልምዷ ግን የስምንት ወር ብቻ የሆነ፣ ካርታውን ሳትጀምር እጇን አውጥታ «እትዬ፣ እነዚህን ፋይሎች ማን ነው የለካቸው? መቼስ?» ብላ ጠየቀች። ካርታዋ አላማረም፤ ቀለም መምረጥ አትችልም ነበር። እርሷን ቀጠርናት።

ባለፈው ጥር ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ለሥራ ሄዳ ደወለችልኝ። 36ኛው ዲግሪ መንገዱን ይቆርጠዋል፤ ከዞን 36 ወደ ዞን 37 ሲያልፍ የምሥራቁ ቁጥር ከ830 ሺህ ገደማ በአንድ ጊዜ ወደ 170 ሺህ ገደማ ይወርዳል። ሥራ ተቋራጩ ሁለቱንም በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ቀላቅሎ አስረክቧታል። «ሁሉንም በዞን 37 ላድርገው ብዬ ነበር፤ ግን ወሰኑ ላይ ርቀቱ በኪሎ ሜትር አንድ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ይረዝማል። ለፕሮጀክቱ ብቻ የሚሆን የራሳችን ሥርዓት ብናወጣስ?» አለችኝ። ዞኑን ያልጻፈባቸውን ነጥቦች ለይታ ዝርዝሩን እንድትልክልኝ ነገርኳት። «ልኬዋለሁ እኮ፤ ኢሜይልሽን አላየሽም እንዴ?» አለች። አላየሁም ነበር።